«የመክፈል ፈቃደኝነት»፦ ገዢው በሆዱ የያዘው ዋጋ

የኮሮና ክትባት ገና በቤተ ሙከራ ሳለ፣ ስሙም ዋጋውም ሳይታወቅ፣ ተመራማሪዎች ሰዉን «ቢመጣ ስንት ትከፍላለህ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ወረርሽኙ በጀመረባቸው የ2020 እ.ኤ.አ. ወራት በኢንዶኔዥያ በኢንተርኔት የተጠየቁ ሰዎች በአማካይ 57 ዶላር ከ20 ሳንቲም አሉ። በማሌዥያ አማካዩ ወደ 31 ዶላር ተጠጋ፤ በቺሊ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ እስከ 232 ዶላር አደረሰው። በእነዚህ ሂሳቦች የሸጠም የገዛም የለም። የጤና ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ግን ቁጥሮቹን በቁም ነገር ይይዟቸዋል፤ በአማርኛ ጥናቶችና ሪፖርቶች ላይም «የመክፈል ፈቃደኝነት» በሚል ስም እየገቡ ነው።

ትርጉሙ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው አንድን ነገር ለማግኘት ሲል ከኪሱ ለማውጣት የሚስማማበት የመጨረሻው ከፍተኛ ገንዘብ ማለት ነው፤ ከዚያ አንድ ብር ቢጨመርበት «ይቅርብኝ» ብሎ ይሄዳል። መርካቶ ውስጥ ሻጩን «መጨረሻውን ንገረኝ» እንለዋለን፤ እሱም እየማለ ይነግረናል። የራሳችንን መጨረሻ ግን አንነግረውም። እስከ 600 ብር ለመክፈል በሆዳችን ቆርጠን በ450 ከወሰድነው የ150 ብሩ ልዩነት ደረሰኝ የማይቆረጥለት የእኛ ትርፍ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዡል ዱፒዊ በ1844 እ.ኤ.አ. ስለ ሕዝብ ግንባታዎች ጥቅም ሲጽፍ ይህንኑ ነጥብ አንስቷል። የድልድይ ጥቅም የሚለካው በተሰበሰበው የመሻገሪያ ክፍያ ብቻ ሳይሆን ተሻጋሪዎቹ ድልድዩን ከሚያጡት ይልቅ ይከፍሉት በነበረው ገንዘብ ጭምር ነው ባይ ነበር።

ዕቃው ገበያ ላይ ካለ የሰውን መጨረሻ ከግዢው መገመት ይቻላል። ያልተሠራ ክትባት ግን ገበያ ስለሌለው መጠየቅ ግድ ይሆናል፤ ጣጣውም እዚህ ይጀምራል። «ስንት ትከፍላለህ?» ተብሎ በድንገት የተጠየቀ ሰው አንዳንዱ ግራ ይጋባል፣ አንዳንዱ ጠያቂውን ላለማሳፈር ከፍ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ነገ ይኼው መልሴ ዋጋ ሆኖ ይመጣብኛል» ብሎ ዝቅ ያደርጋል። (ከሦስቱ ጥያቄውን በደንብ የገባው ይህ ተጠራጣሪ ይመስለኛል።)

ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በ1989 እ.ኤ.አ. የአላስካን ባሕር ከበከለች በኋላ ይህ የአጠያየቅ ጉዳይ የሕግ ክርክር ሆነ፤ የተበላሸ ባሕር በገንዘብ ስንት ያወጣል? በ1993 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚዎቹ ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የመሩት የባለሙያዎች ቡድን ምክሩን አቀረበ። ሰውን በደፈናው «ስንት?» ከማለት አንድ ቁርጥ ያለ ዋጋ አቅርቡለትና እሺ ወይም አይሆንም ይበል፤ የሚከፍለው ገንዘብ ከሌላው ወጪው ላይ የሚነሳ መሆኑንም አስታውሱት የሚል ነበር። ዛሬ መጠይቅ ይዞ የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ «300 ብር ቢሆን ይከተባሉ?» ብሎ ይጀምራል፤ እሺ ከተባለ ወደ 600 ይወጣል፣ አይሆንም ከተባለ ወደ 150 ይወርዳል። ይህም ቢሆን ከእንከን አላመለጠም። በ300 የተጀመረለትና በ1,000 የተጀመረለት ሰው አንድ ዓይነት ኑሮ እየኖሩ የተለያየ መጨረሻ ሊናገሩ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የሰሙት ቁጥር ይስባቸዋል።

አሁን ወደ አማርኛው ስም። «ፈቃደኝነት» በእኛ ጆሮ የልብ እንጂ የኪስ ጉዳይ አይደለም፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው እምቢ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ «ከመላሾቹ ሩቡ ለክትባቱ ለመክፈል ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚል ሪፖርት ያነበበ ሰው ክትባት የናቁ ሰዎች ይታዩታል። የቀን ሠራተኛው ግን መርፌውን እየተመኘ የልጆቹን እራት አስቦ ይሆናል «አልከፍልም» ያለው። በኢኮኖሚክስ ትርጉሙ ገቢ ከቃሉ ውስጥ አለ፤ ምኞቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው። ይህ ካልተነገረ ቃሉ ድሃውን ያማል። «የመክፈል ፍላጎት» የሚለው አማራጭ ደግሞ ይብሳል፤ የመክፈል ፍላጎት ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። «የመክፈል ዝግጁነት»ም የቤት ኪራይ ቀን የደረሰ ያስመስላል።

እኔ የለመድነውን «የመክፈል ፈቃደኝነት» ይዘን፣ ስለ ገንዘቡ መጠን ስንናገር «ልክ» የምትለዋን ቃል ብንጨምርበት እመርጣለሁ፤ «የመክፈል ፈቃደኝነታቸው ልክ 150 ብር ነው» ብንል እምቢታው ይለዝብና መጠኑ ጎልቶ ይወጣል። ዜሮ ያለውንም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ስለሌለው ዜሮ ይላል፣ ሌላው ክትባቱን ስለማያምን፣ ሌላው ደግሞ «ይህማ የመንግሥት ግዴታ ነው» ብሎ በተቃውሞ። ጥሩ መጠይቅ ከዜሮ በኋላ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል።

ወደ ኢንዶኔዥያው ቁጥር እንመለስ፤ አማካዩ 57 ዶላር ነበር ብለናል። መልሶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ቢደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው ግን ወደ 31 ዶላር ብቻ ነው። ጥቂት ትልልቅ መልሶች አማካዩን ወደ ላይ ጎትተውታል። አንድ ባለሥልጣን አማካዩን አይቶ «ሕዝቡ 57 ዶላር ይከፍላል» ብሎ ዋጋ ቢቆርጥ ከመላሾቹ ከግማሽ በላዩ ከደጅ ይቀሩ ነበር። መላሾቹ ደግሞ ኢንተርኔት ያላቸው ናቸው፤ የሌላቸው ገና አልተጠየቁም።

ሰው ሲጠየቅ የሚናገረውን ሳይሆን ዋጋ ሲቀርብለት የሚያደርገውን ያሳየ ጥናት ደግሞ በጎረቤታችን በኬንያ አለ። ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ የወባ አጎበር ለነፍሰ ጡሮች በጤና ተቋም ውስጥ በተለያየ ዋጋ ቀረበ። ከነፃ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ሲወጣ የሚወስዱት ሴቶች በ60 በመቶ ነጥብ ቀነሱ። 60 ሳንቲም ከአጎበሩ እውነተኛ ወጪ ጥቂቱ ብቻ ነው። «ሰው ያልከፈለበትን አያከብርም» የሚለው ክርክር ብዙ ደጋፊ አለው፤ በዚያ ሙከራ ግን በነፃ የወሰዱት ሴቶች ከከፈሉት ባነሰ አልተጠቀሙበትም።

ክትባት ላይ ሲደርስ ደግሞ ቃሉ የማይዘው ትልቅ ነገር አለ። እኔ ስከተብ ጎረቤቴም በመጠኑ ይጠበቃል፣ ሆስፒታሉም ይተነፍሳል። «ስንት ትከፍላለህ?» ተብዬ ስጠየቅ ግን የምመልሰው ስለ ራሴና ስለ ቤተሰቤ ነው፤ የጎረቤቴን ድርሻ ማን ይደምርልኛል? ማይክል ክሬመር ያሉበት የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ቡድን በ2021 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ስሌት በተዘረጋው የማምረቻ አቅም የሚመረት የአንድ ሰው ሙሉ ክትባት ለዓለም የሚያስገኘው ጥቅም በአማካይ ከ5,800 ዶላር በላይ ነው። በወቅቱ ለሙሉ ክትባት ይከፈል የነበረው ከ6 እስከ 40 ዶላር ገደማ ነው። በመጠይቅ የተገኘውን 31 ዶላር ከ5,800 አጠገብ ላስቀመጠ ሰው፣ ክትባትን ለገበያ ብቻ መተው ለምን እንደማይሠራ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ አልሄደችም። ክትባት ለአገሮች ያከፋፍል ከነበረው ዓለም አቀፍ ጥምረት ከኮቫክስ የተላከው የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ መርፌውም መጋቢት 4 መሰጠት ጀመረ፣ የመጀመሪያው ታማሚ አገር ውስጥ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ለተከታቢው ነፃ ነበር። ስለዚህ በእኛ አገር ቃሉ ይበልጥ የሚሠራው በሌላ ቦታ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመሰለ መዋጮ ስንት ይሁን ሲባል የገበሬውን ልክ ማወቅ ይጠቅማል።

ወደ ኮሮና ክትባት ስንመለስ፣ ሕንድ ነፃውንም የክፍያውንም መንገድ ሞክራለች። በ2021 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ተቋም ክትባቱ በነፃ ሲሰጥ በግል ሆስፒታል ደግሞ በማርች 250 ሩፒ ይከፈልበት ነበር። በጁን መንግሥት ለግል ሆስፒታሎች አዲስ ጣሪያ አወጣ፤ ኮቪሺልድ ለተባለው ክትባት 780፣ ኮቫክሲን ለተባለው 1,410 ሩፒ። በነፃ የሚሰጠውን ያንኑ ክትባት ከፍለው የወሰዱት ሰዎች የገዙት በአመዛኙ ወረፋውን ነው። የመክፈል ፈቃደኝነታቸው ልክ ስለ ክትባቱ ብቃት ምንም አይነግረንም፤ ሰልፉ ምን ያህል እንዳስፈራቸው ግን በደንብ ይነግረናል።

ከዜሮ በታችም ቁጥር አለ። በስዊድን በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ለሚከተብ ሰው 200 ክሮነር፣ 24 ዶላር ገደማ፣ እንሰጣለን ሲባል የተከታቢው ቁጥር በ4.2 በመቶ ነጥብ ጨመረ። እነዚህ የተጨመሩት ሰዎች በነፃ ሲሰጣቸው ያልወሰዱ፣ ሲከፈላቸው የወሰዱ ናቸው። ለእነሱ ሌላ ስም ያስፈልጋል፤ «ክፍያ የመቀበል ፈቃደኝነት» ይባላል። እዚህ ላይ ተርጓሚ ይጠንቀቅ፦ «ክትባቱን የመቀበል ፈቃደኝነት» የሚል ሌላ መለኪያ አለና፣ «የመቀበል ፈቃደኝነት» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ሰውየው መርፌውን ይቀበል ወይስ ገንዘቡን፣ አንባቢ ሊለይ አይችልም። ሙሉውን መጻፍ ነው።