የካፒቴኑ ወንበርና የሥራ አስኪያጁ ወንበር

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1946) የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። የድርጅቱ የመጀመሪያ በረራ ነበር። ስሙም ባለቤትነቱም የኢትዮጵያ ነው፤ አብራሪዎቹ፣ ቴክኒሺያኖቹ፣ ሒሳብ ያዦቹና ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ።

ሌላ ምርጫ አልነበረም። ጣሊያን ከተባረረ አምስት ዓመት አልሞላም፤ ወረራው የተማረውን ወጣት ፈጅቶታል። በአገሪቱ ጉዳይ እጃቸውን ያስረዘሙትን እንግሊዞች ለመመከትም ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዙረው ነበር።

ስለ አየር መንገዱ ታሪክ ሲወራ መስመሮቹና አውሮፕላኖቹ ይነሣሉ። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር የታደሰው ውል ድርጅቱ በመጨረሻ በኢትዮጵያውያን እንዲመራ ግብ አስቀመጠ። ይህን ከየትኛውም የአውሮፕላን ግዢ አስበልጣለሁ። መሄዱ በውል የተጻፈ አለቃ ተተኪውን ከማስተማር ማምለጫ የለውም። ካልተጻፈበት ግን «ገና አልበሰሉም» የምትለው ቃል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ታገለግለዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። የካፒቴኑ፣ ማለትም የግራው ወንበር ምን ማለት እንደሆነ ልብ እንበል። በቀኙ የሚቀመጠው ረዳት አብራሪ የካፒቴኑን ያህል ችሎታ ሊኖረው ይችላል። ዳመናው ሲጠቁር ልመለስ ወይስ ልቀጥል ብሎ የሚቆርጠው፣ በክፍለ ሀገር ጥርጊያ ሜዳ ላይ ልረፍ አልረፍ የሚለው ግን ካፒቴኑ ነው። ሰው የሚበቃው ይህ ውሳኔ በእጁ ሲገባ ነው፤ ሥልጠና ብቻውን እዚያ አያደርስም። በየመሥሪያ ቤታችን ስንት ጎበዝ ባለሙያ ዕድሜውን በቀኙ ወንበር ጨረሰ!

የሥራ አስኪያጁ ወንበርስ? እ.ኤ.አ. በ1966 ውሉ ተሻሽሎ ኢትዮጵያዊ ምክትል ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ በ1970 የአሜሪካኖቹ ድርሻ ከማስተዳደር ወደ ማማከር ዝቅ አለ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከካፒቴን ዓለማየሁ በኋላ 14 ዓመት መሆኑ ነው። የመንገደኛ ነፍስ በአደራ የተሰጠው ኢትዮጵያዊ የዋናውን ቢሮ ቁልፍ እስኪረከብ ይህን ያህል ጠበቀ። የአብራሪ ብቃት በበረራ ሰዓት ይቆጠራል፤ ይፈተናል። የአስተዳዳሪ ብቃት እንዲህ ያለ መስፈሪያ ስለሌለው ቀጠሮ ማራዘም ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

የርክክቡን አኳኋን ግን ማመስገን ይገባል። የቀድሞው አለቃ ዕቃውን ጠቅልሎ በአንድ ቀን አልሄደም፤ የመወሰን ሥልጣኑን አስረክቦ እየመከረ ቆየ። የሁለቱ ድርጅቶች ውል ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሲያዝዝ የኖረ ሰው ምክር በሚጠየቅበት ቦታ መቀመጡ፣ ሲታዘዝ የኖረውም የቀድሞ አለቃው ሲመክረው ማየቱ ለሁለቱም ከባድ ትምህርት ነው።

በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ፣ ካፒቴን መሐመድ አሕመድ ድርጅቱን ሲመሩ ጥያቄው መልኩን ቀየረ፤ ነፃነቱ አሁን ከገዛ መንግሥት የሚፈለግ ነበር። የደርግ መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወዳጅ ሳለ አየር መንገዱ ከቦይንግ መግዛቱን አላቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ያለ ማረፊያ አዲስ አበባ ገባ።

የግራው ወንበር ለሴት የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ፤ ከካፒቴን ዓለማየሁ 53 ዓመት ዘግይቶ። ይህ ቁጥር ሁሌም ያስቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ወደ ባንኮክ የተነሣው በረራ በሴቶች ብቻ የተመራ ነበር፤ የግራውም የቀኙም ወንበር የእነሱ ነበር።