የቤት ኮምፒዩተርን ወደ ሊኑክስ ማሸጋገር

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቋርጧል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደህንነት ክፍል ያለውን ኮምፒዩተር ስለሚጠይቅ በርካታ አሮጌ መሣሪያዎች ሊቀበሉት አይችሉም። በመሆኑም ከሰበታ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ተፍኪም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር በቤቱ የሚገኝ ሰው አዲስ ከመግዛቱ በፊት ሊያጤነው የሚገባ አማራጭ ሊኑክስ ነው።

ሊኑክስ የውስጥ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ያለ ክፍያና በሕጋዊ መንገድ ሊባዛ የሚችል የኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና ነው። አስኳሉን እ.ኤ.አ በ1991 የጀመረው ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ ከዝርያዎቹ አንዱ የሆነው ኡቡንቱ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ አነሳሽነት በ1997 ዓ.ም ለሕዝብ ቀርቧል። እንግዳ መስሎ ይታይ እንጂ በየኪሱ ያለው የአንድሮይድ ስልክም በዚሁ አስኳል የሚሠራ ነው። ከተፍኪ አልፎ በወሊሶ በኩል በሚደረስበት ወንጪ፣ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በ2004 ዓ.ም ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት የሰጣቸው ታብሌቶችም አንድሮይድ የተጫነባቸው ነበሩ።

የብዙ ተጠቃሚዎች ስጋት አማርኛ ነው፤ ስጋቱም በከፊል ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ በመካተቱ በዚሁ ደንብ የተጻፈ ሰነድ በሊኑክስም ያለ ችግር ይነበባል። ለመጻፍም አይባስ ከተባለው ፕሮግራም ጋር የሚሠራ የአማርኛ መክተቢያ በነፃ ይገኛል። ችግሩ ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ቅርጾች በተጻፉ ሰነዶች ላይ ነው። እነዚህ የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ቅርጹ በሌለበት ኮምፒዩተር የእድሩ መዝገብ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም ቢያንስ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ የሚገባው ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው።

ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዝርያ ይመረጣል። ሦስት ጊጋ ባይት ገደማ ስለሆነ ኢንተርኔት ካለበት ስፍራ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማዘጋጀት ይበቃል። ቢያንስ 2 ጊጋ ባይት ራም ይፈልጋል፤ 4 ቢኖር ይሻላል። ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ አስነስቶ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና ማተሚያውን መሞከር ይቻላል፤ ይህን ሙከራ መዝለል አይገባም። ጭነቱ ሃርድ ዲስኩን ሊያጠፋ ስለሚችል ፎቶና ሰነድ አስቀድሞ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ሥራው ስለሚበላሽ የላፕቶፑ ባትሪ መሙላቱም ይረጋገጥ።

በፒችትሪ ሂሳብ የሚይዝ ነጋዴ ግን ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢጭን ይመረጣል፤ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በየትኛው እንደሚነሳ ይጠይቃል። በፍላሽ የሚዛመቱት የዊንዶውስ ቫይረሶች በሊኑክስ ላይ በአብዛኛው አይሠሩም፤ ይሁንና ፍላሹ ተሸክሟቸው ወደ ጎረቤት ኮምፒዩተር ሊያደርሳቸው ይችላል።