ያጋደለ ጭነት

ወልቂጤ ቁርስ በልተን ስንመለስ የጅማው አውቶቡሳችን ወደ ግራ አጋድሎ ጠበቀን። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና "ፊኛው ፈንድቷል" ሲል ፈረደ። ሾፌሩ ደግሞ "ቀስ እያልን እንገባለን፤ ጅማ ይሠራል" አለ። ከፊታችን የሚጠብቀን የግቤ ቁልቁለት ነው!

ፊኛ የሚሉት በባሌስትራ ፋንታ የመኪናውን አካል የሚሸከመውን፣ አየር የሚሞላውን የላስቲክ ከረጢት ነው።

በዚህ መንገድ ማጋደል አዲስ ነገር አይደለም። መኪና ሳይመጣ የጅማና የሊሙ ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በበቅሎ ነበር። ጭነቱ ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ያጋድላል፤ ያጋደለ ጭነት የከብቱን ጀርባ ይልጠዋል፤ ገጣባ በቅሎ ደግሞ ግቤን አትሻገርም። ስለዚህ ነጋዴው በየመንገዱ እየቆመ ጭነቱን ያስተካክላል። "ስንደርስ ይታያል" ብሎ ነገር የለም።

በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ጅማን ይዞ የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር መቀመጫ አደረጋት፤ የጭነት መኪናውም ተከተለ። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ሲለቅ ቃላቱን ትቶልን ሄደ፤ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ክሪክ። ጎማም ከዚያው ነው። (የአጋሮዋ ጎማ ግን ከጣሊያን በፊት የነበረች አገር ናት፤ የጎማ ሰዎች እንዳይቀየሙኝ!) የተውሶ ቃላትን ሳስተምር ተማሪዎቼን ጋራዥ ብወስዳቸው ኖሮ ጠመኔ ባልጨረስኩ። በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ኋላም ኤንትሬ የምንለው ፊያት በየመንገዱ ነገሠ። ያን ሁሉ ቡና የተሸከመው የተነባበረ ብረት ነው። ብረት ሲሰበር ይታያል። አየር ግን አይታይም።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ፊኛውም ፍሬኑም አየር የሚያገኙት ከአንድ ኮምፕሬሰር ነው። ፊኛው ቢያፈስ የፍሬኑን አየር ይዞ እንዳይሄድ የሚከላከል ቫልቭ አለ፤ ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ተሳፋሪው "አንሄድም" አለና አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠሩ።

"ጋሼ፣ ፊኛው ነው" አላቸው ረዳቱ።

"ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። ሞተሩን አስነሱት።"

የአየሩ መለኪያ እስኪሞላ ጠበቁ፤ ሞተሩ ሲጠፋም ይወርድ እንደሆነ አዩ። የፍሬኑ አየር አልተነቃነቀም፤ ያኔ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። ፊኛውንና መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቧቸው። አረፋ የለም። ከዚያ "ታኮ አስገቡ፣ አካሉንም በእንጨት ደግፉ፤ አየር አይታመንም" ብለው ከሥር ገቡ።

ጥፋቱ ጣት የምታህል ዘንግ ሆና ተገኘች። ከአክሱ ተነሥታ አየሩን ከሚያዘው ቫልቭ ጋር ትገናኛለች። አካሉ ዝቅ ሲል ቫልቩ አየር እንዲያስገባ፣ ከፍ ሲል እንዲያስወጣ የምትነግረው እሷ ናት። ኮረኮንቹ አላቅቋት ቫልቩ መኪናው ከፍ ያለ መስሎት አየሩን ሲያስወጣ አድሯል። ፊኛው ደኅና ነበር። ረዳቱ እንዳለው አዲስ ፊኛ ቢገዛ ገንዘቡ ይባክናል፣ መኪናውም መልሶ ይተኛል።

አቅንተው ገጠሟት። ሞተሩ ተነሣ፤ አውቶቡሱም ቀስ እያለ ቀና አለ።

"ስሟ ማን ይባላል ጋሼ?" አለ ረዳቱ፣ አሁን ለስለስ ብሎ።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡ።

"እኔ እንጃ። ጣሊያን ስም ሳያወጣላት ነው የሄደው።"