እቤት የሚማር ልጅ ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ

ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤት ማስተማር፣ በተለምዶ ሆምስኩሊንግ የሚባለው፣ በአሜሪካ በሃምሳዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ መንገድ የሚማሩት ልጆች 850 ሺህ ያህል እንደነበሩ፣ በ2007 ደግሞ ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደደረሱ የአገሪቱ የትምህርት ስታትስቲክስ ማዕከል ገምቷል። የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት በ2020 ቁጥሩ በጥቂት ወራት ውስጥ አሻቀበ። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ጥናት መሠረት ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ጥቁር ቤተሰቦች መካከል እቤት የሚያስተምሩት ከ3.3 በመቶ ወደ 16.1 በመቶ ከፍ ብለው ነበር።

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም ይህን መንገድ የመረጠ ወላጅ አንድ ልዩ ችግር ይገጥመዋል። በመደበኛው ትምህርት ቤት ማርክ የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ ልጁ ወድቆ ሲመጣ የሚያጽናናው ደግሞ ወላጁ ነው። እቤት ግን ፈታኟም፣ አራሚዋም፣ አጽናኟም ብዙውን ጊዜ አንዲት እናት ናት። ልጁም በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረውን ምልክት የእናቱ ቅሬታ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ እቤት የሚያስተምር ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ነገር ውጤት ቀጥሎ ምን መማር እንዳለበት የሚጠቁም መረጃ እንጂ በልጁ ላይ የተላለፈ ፍርድ አለመሆኑን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የብዙ ወላጆች ድንጋጤ የሚመነጨው «ልጄ ከወደቀ መንግሥት ይነጥቀኛል» ከሚል ስጋት ነው። ሕጉ ግን ከሚፈራው በላይ ታጋሽ ነው።

በቨርጂኒያ እቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 1 ድረስ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ያቀርባል። ማስረጃው በአገር አቀፍ ደረጃ በተመዘነ ፈተና የተገኘ አራተኛ ስታናይንና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ወይም ብቃት ያለው ሰው የጻፈው የግምገማ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። መሻሻሉ ካልታየ ወላጁ የማስተካከያ ዕቅድ አቅርቦ የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ዕቅዱ ተቀባይነት ካጣ ወይም በሙከራው ዓመት መጨረሻ መሻሻል ካልታየ ግን እቤት ማስተማሩ ይቋረጣል።

በሜሪላንድ በካውንቲው ቁጥጥር ሥር የሚያስተምሩ ወላጆች የልጁን ሥራዎች የያዘ ፖርትፎሊዮ ያስገመግማሉ። ግምገማው በዓመት ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። ጉድለት ከተገኘም ለማስተካከል 30 ቀን ይሰጣል።

ሕጉ ራሱ ለወላጅ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ከሆነ፣ ወላጅ ለልጁ የማይሰጥበት ምክንያት የለም።

23ኛ ፐርሰንታይል ሲባል 23 ከመቶ ማለት አይደለም

ሌላው የድንጋጤ ምንጭ የውጤት ወረቀቱን በትክክል አለመረዳት ነው። እኛ ያደግነው «ከመቶ ስንት አመጣህ?»፣ «ስንተኛ ወጣህ?» በሚሉ ጥያቄዎች ነው። በመሆኑም 40ኛ ፐርሰንታይል የሚል ወረቀት ያየ ወላጅ ልጁ ከግማሽ በታች አግኝቶ የወደቀ ሊመስለው ይችላል። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ፐርሰንታይል ልጁ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ አይናገርም፤ በዚያው የክፍል ደረጃ ካሉ መቶ ተፈታኞች ስንቱን ያህል እንደበለጠ ነው የሚያሳየው።

ስታናይን ደግሞ ይህንኑ ከ1 እስከ 9 በዘጠኝ እርከን የሚከፍል መለኪያ ነው። ከተፈታኞች 54 በመቶ ያህሉ የሚገኙት በመካከለኞቹ በአራተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው እርከን ነው። ቨርጂኒያ የምትጠይቀው አራተኛው እርከን የሚጀምረው ከ23ኛ ፐርሰንታይል ገደማ ነው። ስለዚህ 40ኛ ፐርሰንታይል ያገኘ ልጅ መካከለኛ ተማሪ ነው እንጂ የወደቀ አይደለም።

ማርክ ወይስ አስተያየት?

እቤት የሚያስተምር ወላጅ መደበኛ መምህር የሌለው አንድ ነጻነት አለው። በየዕለቱ ሥራ ላይ ማርክ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት በእስራኤል ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች በቀጣዩ ሥራ ተሻሽለው ተገኙ። ማርክ ብቻ የተሰጣቸው አልተሻሻሉም። የሚገርመው ማርክም አስተያየትም አብሮ የተሰጣቸው ከማርክ ብቻዎቹ የተሻሉ አለመሆናቸው ነው። ማርክ ያየ ልጅ አስተያየቱን ልብ እንደማይል ይገመታል።

ስለዚህ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ከ«6/10» ይልቅ «የታችኛውን ቁጥር ማመሳሰሉን ረስተሃል፤ ሦስተኛውን እንደገና ሞክረው» ብሎ መጻፍ ይበልጣል። ማርክ ለምዕራፍ ማጠቃለያ ይቆይ።

ስህተቱ ከየት መጣ?

«ሂሳብ ወደቀ» የሚለው አነጋገር ለመፍትሔ አይረዳም። የታረመውን ወረቀት ይዘው ከልጁ ጋር ስህተቶቹን በአራት ይመድቡ።

1. ያልተማረው ወይም ያልገባው፦ እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል፤ በተቻለ መጠን በሌላ መንገድ።

2. ተምሮ የረሳው፦ በየሳምንቱ አጫጭር ክለሳ ይበቃዋል።

3. የቸኮለበት፦ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ትምህርት ሳይሆን መልስን መልሶ የማየት ልማድ ነው።

4. ጥያቄውን ያልተረዳው፦ በተለይ በቅርቡ ከኢትዮጵያ የሄደ ልጅ የሂሳቡን ስሌት እያወቀ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጥያቄ ሳይረዳ ሊቀር ይችላል። ጥያቄውን በአማርኛ ይንገሩት። ያን ጊዜ ከሠራው ክፍተቱ ሂሳብ ላይ ሳይሆን ንባብ ላይ ነው።

ብዙ ልጆች ይህን ሲጨርሱ ይቀላቸዋል። «ሂሳብ አልችልም» ያለው ልጅ ያልቻለው ክፍልፋይ መደመርን ብቻ መሆኑን ያያል።

ውጤቱ በመጣበት ዕለት

በዚያ ዕለት ማብራሪያ አያብዙ። ልጁ ካለቀሰ ይለቅስ፤ ካኮረፈም ጥቂት ጊዜ ይስጡት። ወረቀቱን በማግሥቱ ይክፈቱት። ከወንድሙ፣ ከእህቱ ወይም ከአክስት ልጅ ጋር አያወዳድሩት። እቤት የሚማር ልጅ የክፍል ጓደኛ ስለሌለው ንጽጽሩ የሚያርፈው በቅርብ ዘመዱ ላይ ነው፤ ቅያሜውም ይቆያል።

ምስጋናም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክላውዲያ ሚዩለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥናት በብልህነታቸው የተመሰገኑት ልጆች ከባድ ጥያቄ ካቃታቸው በኋላ ቀላሉንም መሥራት ከበዳቸው፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ተሻሻሉ። ኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች የዚህ ዓይነቱ አመለካከት ጥቅም መጠነኛ መሆኑን አሳይተዋል። ስለሆነም ምስጋና የማስተማርን ቦታ አይተካም። ቢሆንም «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ከማለት «ሦስት ጊዜ ሞክረህ አገኘኸው» ማለት ሳይሻል አይቀርም።

የተደበላለቀውን ድርሻ ለመለየት ደግሞ እናት የምታስተምር ከሆነ አባት ወይም አንድ የሚያውቁት መምህር የማጠቃለያ ፈተናውን ቢያርሙ ይመከራል። ከውድቀት ለማዳን ተብሎ የሚጨመር ማርክ ግን ልጁን አይጠቅምም። የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕት የሚያዘጋጀው ወላጁ ቢሆንም የተጋነነ ውጤት በኋላ በኮሌጅ መግቢያ ፈተና መጋለጡ አይቀርም።

ልምምድ ብቻ የማይፈታው ሲሆን

በደንብ ተምሮም ለወራት ፊደል የሚያቀያይር፣ ማንበብ እጅግ የሚያዳግተው ወይም ቁጥር የማይያዝለት ልጅ «ሰነፍ» ከመባሉ በፊት መመርመር አለበት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የመማር እክል ያለባቸውን ልጆች የመለየቱን ኃላፊነት የሰጠው ለመንግሥት ትምህርት ሥርዓቱ ሲሆን ይህም እቤት የሚማሩትን ይጨምራል። ወላጅ ምርመራው በነጻ እንዲደረግለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። እንቅልፍ ወይም ምግብ የቀነሰ፣ ከሰው የሸሸ ወይም «እኔ አልረባም» የሚል ቃል የሚደጋግም ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ለሌላው ግን ጊዜ አለው። እቤት መማር ከመደበኛው ክፍል የሚሻልበት አንዱ ነገርም ይኸው ነው፤ ልጁ ያልገባውን ምዕራፍ ትቶ እንዲያልፍ የሚያስገድድ ደወል የለም።