የዌብ ሸለቆ ውሾች

የባሌ ተራሮች ሲነሡ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቀይ ቀበሮን ነው። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝና ከቀበሮው በፊት የእረኛው ውሻ ይታየኛል። የቀበሮው ዕድሜ እረኛው ስለ ውሻው ጤና በሚያውቀውና ለጎረቤቱ በሚነግረው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

የባሌ ውሻ ሌሊት ጅብና ነብርን ከበረት የሚያርቅ ዘበኛ ነው። አይታሰርም፤ ምግቡንም በአብዛኛው ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ከብቶች ጎዳንቱ በሚባለው ነባር ሥርዓት ወደ ደጋው ግጦሽ ሲወጡ እሱም ተከትሎ ዌብ ሸለቆ ይደርሳል። ሸለቆው ደግሞ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት ሜዳ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። የውሻ በሽታ ያገኛቸው እዚሁ ግጦሹ ላይ ነው።

በ1991 እና በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቀበሮዎቹን መንጋ መንጋውን ፈጀ። ብሔራዊ ፓርኩ ከ1970 ጀምሮ ቢኖርም፣ የፓርክ ወሰን ቫይረስን አያግድም። በ1995 ተመራማሪው ክላውዲዮ ሲዬሮ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምን ሲመሠርት ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የገበሬና የእረኛ ውሾችን መከተብ ሆነ። ቀበሮውን ለማዳን ከውሻው መጀመሩ ትልቅ ማስተዋል ነበር።

እኔ ሥራውን የተቀላቀልሁት ዘግይቼ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ስላለበት ቀዝቃዛ ሳጥኑን ፈረስ ላይ ጭነን ከመንደር መንደር እንዞር ነበር። ከጭነቱ ይልቅ የሚከብደው ንግግሩ ነው። አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ተወግቶ ቢፈዝብኝ ጅቡን ማን ሊያባርርልኝ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ የከብታቸው ሕልውና ነውና። «አባቴ፣ ዛሬ ትንሽ ቢደክመው ነገ ይነሣል፤ ካበደ ግን መጀመሪያ የሚነክሰው ልጆችዎን ነው» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። ብዙ ቤት እንዲሁ ነው፤ ውሻው የአባወራው ቢባልም አንገቱን አቅፎ ለመርፌ የሚይዘው ልጅ ነው። እኚያ አባት በኋላ ገበያ ላይ ሰው ሰብስበው ያስረዱ ነበር። ንግግራቸው የእኔን አሥር ንግግር የሚያስንቅ ነበር።

አንዳንዶች ደግሞ ውሻን መንካት ከሃይማኖታቸው ጋር እንዳይጋጭ ይሰጋሉ። ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝ በእስልምና የተፈቀደ መሆኑን ግን የሃይማኖት አባቶቹ ከእኛ አሳምረው ስለሚያስረዱ፣ ነገሩን ለእነሱ መተው ይሻላል።

በ2003 በሽታው ዌብ ሸለቆ ላይ እንደገና ተነሣና ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ያኔ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን እየያዙ መከተብ ተጀመረ። የቀበሮዎቹን መኖሪያ ሸለቆዎች በሚያገናኙ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ቀበሮዎች ብቻ በመከተብም ወረርሽኙን ማቆም እንደሚቻል ታየ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በፍየል ሥጋ ተሸፍኖ የሚዋጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ ይቀርባል።

ይህ ሁሉ ግን የውሻውን ክትባት አይተካም። ሥርጭቱን ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። የእረኛ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዓምና የተከተቡት ብዙዎቹ ዘንድሮ የሉም፤ በቦታቸው ያልተከተቡ ቡችሎች አድገዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መመለስ ግድ ነው። በሽታው በ2008 እና በ2014 ዳግም የተነሣው ሥራው አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

አንባቢዬ፣ ውሻ ካለህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አስከትብ፤ ከዚያም በየዓመቱ አትዝለል። ወደ ባሌ ስትመጣም ውሻህን ቤት ተወው። ውሻ የነከሰው ሰው ካጋጠመህ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አሳጥበህ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሰው፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህንንም ለጎረቤትህ ንገር።