እማዬ ጉልቻውን ለምን አልጣለችም?

አምቦ ያለው ቤታችን ውስጥ ሁለት ምጣድ አለ። አንዱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ሌላው በጭስ የጠቆረ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ የሚጣድ። "እማዬ፣ ይሄን ጣዪው እንጂ" ብላት፣ "ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ መብራት ቢሄድ አንተ ትጋግርልኛለህ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትመጡ፣ ግማሽ መንገድ ገደማ ላይ አዲስ ዓለምን ታገኛላችሁ። በ1900 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህች ቦታ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ምክንያቱ ማገዶ ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተጨፍጭፎ ነበር። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፣ መንገድ ተጠረገ። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን አዲስ አበባን ከመነቀል አዳናት። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ እንዲህ የተስፋፋው ቤተ መንግሥት ስለፈለገው ብቻ አይመስለኝም። ማንም ጓሮው ውስጥ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ሸጦ የሚያዝበት ነገር ስለነበረ ነው።

መብራት ግን እንደዛ አይደለም። በ1973 የፊንጫ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። መስመሩ በጌዶ በኩል ምዕራብ ሸዋን አቋርጦ ወደ ገፈርሳ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ያ ትልቅ መስመር ከሥሩ ላለው ጎጆ በቀጥታ አያበራም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ የሰፈር ገመድና ቆጣሪ ይፈልጋል። እነዚህ እስኪሟሉ ከሽቦው ሥር ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ያልፋሉ።

በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። በ2025 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው። ወረቀት ላይ ካየነው ዝግጁ ነን።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 300 እንደማብራት ነው። ለአምፖል የተዘረጋ የሰፈር መስመር፣ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲጋግር ቢወድቅ ምን ይገርማል?

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል። እውነት ነው። ለእማዬ ዓይንና ሳንባ ግን ጉልቻው መለወጡ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ዝግጁ መሆናችንን የማምነው እሷ ያንን ጥቁር ምጣድ ያለ ስጋት ያወጣች ቀን ነው። እስከዚያው ጭራሮው ጓሮ ተከምሯል።