በአዋሽ ሰባትና በሰመራ በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር መገጣጠም

የጌም ኮምፒውተር መገጣጠም ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ ለየብቻ ገዝቶ አንድ ማሽን የማድረግ ሥራ ነው። ሰዎች የሚመርጡት በተመሳሳይ ገንዘብ ከተዘጋጀ ማሽን የተሻለ አቅም ስለሚገኝበት፣ ኋላም አንዱ ክፍል ሲያረጅ ወይም ሲቃጠል እሱን ብቻ መለወጥ ስለሚቻል ነው። በየአገሩ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ ይነሳል፤ በጀቱም የሚከፋፈለው እሱን ማዕከል አድርጎ ነው። በአፋር ክልል፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ በአዋሽ ሰባትና በሰመራ ግን ሙቀቱ፣ አቧራውና መብራቱ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል። እዚህ መጀመሪያ መመረጥ ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ቦታውና ገበያው

አዋሽ ሰባት ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥንቱ የጅቡቲ ባቡር ጋር ያደገች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአካባቢዋ ያልፋል። የክልሉን መዲናነት ከአሳይታ የተረከበችው ሰመራ በበኩሏ 430 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ከሎጊያ ጋር የተያያዘች ከተማ ናት። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች የኮምፒውተር ፈላጊዎቿ ዋና ክፍል ናቸው።

ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ የሚገባው የጭነት መኪና ሰመራንና ሚሌን አልፎ፣ በአዋሽ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የመጣ ግራፊክስ ካርድ በሰመራ ደጃፍ አልፎ አዲስ አበባ ይደርስና፣ መርካቶ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም ካለ ሱቅ ተገዝቶ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። የሰመራ ገዢ የሚከፍለው ዋጋ የሁለቱንም ጉዞ ኪራይ የያዘ ነው። ዕቃው የሚመለሰው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በዘመድ ሻንጣ ወይም በአውሮፕላን ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለምርጫው ወሳኝ ነው፤ የሱቅ ዋስትና ወረቀት ላይ ቢኖርም፣ የተበላሸን ዕቃ ይዞ መመለሱ ራሱ ወጪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ርካሽ የሚባል አጠራጣሪ ዕቃ ሰመራ ሲደርስ ውድ ይሆናል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ተነሳ። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ የመረጃ ማዕከላት የማስታወሻ ቺፕ ገበያውን ስለተሻሙት የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ ንሯል። ያገለገለ ዕቃ ለብዙዎች ብቸኛው በር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መብራትና ፓወር ሰፕላይ

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ኮምፒውተርን የሚጎዳው ግን ይህ ቁጥር ሳይሆን ከቁጥሩ መውጣትና መግባት ነው። ኤሲ ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ በሚልበት ቤት ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ አብዝቶ ሊመጣ ይችላል። ላፕቶፕ ባትሪው ይሸከምለታል። ዴስክቶፕ እንዲህ ያለ ጋሻ የለውም።

ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይኖረዋል። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይፈነዳል፤ አንዳንዴም ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል። የተሻለው ዓይነት ማብሪያ የለውም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሱ ያስተካክላል። ይህ ዓይነቱ የቮልቴጅ መውረድን ብዙም ሳይሰማው ያልፋል፤ ለአዋሽ ሸለቆ የሚገዛው እሱ ነው።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር ዋቱ የተለካበት ሙቀት ነው። ካርቶኑ ላይ 500 ዋት የሚል ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ነገር አይናገርም። አንዳንዱ አምራች ያንን ኃይል በ40 ዲግሪ፣ አንዳንዱ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መስጠት እንደሚችል ይገልጻል፤ ርካሹ ደግሞ ምንም አይልም። 80 ፕላስ የሚባለው የብቃት ምልክት የሚሰጠው 23 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ ተፈትኖ ነው፤ የሰመራን የሰኔ ቀን አያውቀውም። ስለዚህ ማሽኑ 300 ዋት የሚፈልግ ከሆነ 50 ዲግሪ የተጻፈበት የ500 ወይም የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ መያዝ ቅንጦት አይደለም። ገንዘብ ካጠረ ከካርዱ ላይ ይቀነስ እንጂ ከዚህ አይነካ።

ዩፒኤስም የራሱ ጣጣ አለው። በገበያው የተለመደው 650 ቪኤ የሚባለው ከ360 እስከ 390 ዋት ያህል ብቻ ይሸከማል፤ ጥቅሙም ጨዋታውን ለመቀጠል ሳይሆን አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ መስጠት ነው። በውስጡ ያለው የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ ባትሪ ሰመራ ላይ ዓመት ተኩል ቢቆይ ሻጩ አላታለለም። ዩፒኤሱ መሬት ላይ፣ ከፀሐይና ከኮምፒውተሩ የሙቅ አየር መውጫ ርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። ለዩፒኤስ ገንዘብ ከሌለ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ የፍሪጅ መከላከያ በጣም ርካሹ መድን ነው።

ኬዙን ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም ማለት ነው። በፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥታ ኬዙ ላይ ትቀራለች። አብዛኛውን ጊዜ ሰው አትጎዳም፤ ነገር ግን ገመድ ሲሰካና ሲነቀል የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎችን ልታቃጥል ትችላለች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ግራውንድ ማስቀበር ከማንኛውም ዲቫይደር ይበልጣል።

ሙቀትና አቧራ

ፋን ቺፑን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ውኃ የሚዘዋወርበት ማቀዝቀዣም እንዲሁ። 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል 65 ዲግሪ ላይ የሚረጋ ካርድ 42 ዲግሪ በሆነ ክፍል ከ80 ያልፋል። ብዙ ካርዶች እዚህ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ተጫዋቹ የሚያየው ጌሙ መጎተት ሲጀምር ነው። የብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮች መመሪያ ለሥራ የሚፈቅደው የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ኤሲ የሌለው የሰመራ ክፍል ከዚህ ውጪ ነው። (በአንድ ነገር ሰመራ አዲስ አበባን ትበልጣለች። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው ያንሳል። የሁለቱን ከተሞች የሙቀት ልዩነት ግን ይህ አያካክስም።)

ያገለገለ ካርድ አዲስ አበባ ላይ ሲፈተሽ ይህ መታሰብ አለበት። ሻጩ ፊት ግማሽ ሰዓት በሙሉ ጫና ሠርቶ 78 ዲግሪ ያሳየ ካርድ ለቦሌ ደህና ነው፤ ለሰመራ ግን አይሆንም። ቴርማል ፔስቱ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ፔስት ለውጦ እንደገና መለካት ወይም ሌላ ካርድ መፈለግ ነው።

ኬዙ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ሁለት አየር የሚያስገቡና አንድ የሚያስወጣ ፋን ያለው ቢሆን ይመረጣል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራው በየስንጥቁ ከመሳብ ይልቅ በማጣሪያው በኩል ብቻ ይመጣል፤ ማጣሪያው ደግሞ ይታጠባል። ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ መብራት የሆነው ኬዝ በፎቶ ያምራል፤ ለዚህ አገር ግን አልተሠራም። ለፕሮሰሰሩም ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ተራ የማማ ማቀዝቀዣ ይበቃል።

ግራፊክስ ካርድ

በጀት ላነሰው በአዋሽ ሸለቆ ጥሩው መለኪያ በአንድ ብር ስንት ፍሬም የሚለው ብቻ ሳይሆን በአንድ ዋትም ስንት ፍሬም የሚለው ነው። እያንዳንዱ ዋት ወደ ክፍሉ የሚገባ ሙቀት ነው፤ ቆጣሪው ላይም ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት ርካሽና ጠንካራ በመሆኑ ይወደዳል፤ ነገር ግን 185 ዋት ይበላል። በ2021 የወጣው አርኤክስ 6600 በግልጽ ይበልጠዋል፤ የሚፈልገው ግን 132 ዋት ነው። ሲወጣ 329 ዶላር ተተምኖለት ነበር፤ ያገለገለው ከተገኘ በ1080 ጥራት ለሚጫወት ከእሱ የተሻለ ምርጫ ማግኘት ከባድ ነው። 115 ዋት የሆነው አርቲኤክስ 4060 ለሙቀት ይበልጥ ይስማማል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በታች ከማዘርቦርዱ በሚያገኙት 75 ዋት ብቻ የሚሠሩ ካርዶች አሉ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ጂቲኤክስ 1650 እና 6 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 3050 ከዚህ ወገን ናቸው። ጂቲኤ 5ን፣ ካውንተር ስትራይክንና የእግር ኳስ ጌሞችን ያጫውታሉ።

ያገለገለ ካርድ ገዢ ሁለት ማጭበርበሮችን ይወቅ። አንደኛው አሮጌ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል የሚደረግበት ነው፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ለይቶ ሐሰተኛ ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው 2048 ኤስፒ የሚል ቅጥያ ያለው አርኤክስ 580 ነው፤ ውስጡ አርኤክስ 570 ነው። መጥፎ ካርድ አይደለም፤ የ580 ዋጋ ግን አይገባውም። ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በካርድ መቆፈሩን ካቆመ በኋላ ለዚያ ሥራ ይውሉ የነበሩ ካርዶች በገፍ ወደ ገበያ ወጥተዋል። ፋናቸው ያለቀ ይሆናል፤ ቺፑ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ፕሮሰሰር፣ ራምና ማከማቻ

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ኮር አይ3-12100ኤፍ እና ራይዘን 5 5600 ለዚህ በጀት ይበቃሉ። ሁለቱም ብዙ አይሞቁም፤ ሁለተኛው የሚቀመጥበት ኤኤም4 ሶኬትም ያገለገለ ማዘርቦርድ በብዛት አለው። ኤፍ የሚለው ፊደል ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ይናገራል፤ ካርድ ኋላ ሊገዛ ያሰበ ሰው ራይዘን 5 5600ጂን ወስዶ ለጊዜው በሱ ቢጫወት ይሻለዋል። ባለ ብዙ ኮር አሮጌ ዚዮን ከቻይና ማዘርቦርድ ጋር ተጣምሮ በርካሽ ይሸጣል፤ ባለ 14 ኮሩ ኢ5-2680 ቪ4 ግን 120 ዋት የሚደርስ ነው። ለሰመራ አይመከርም። ያገለገለ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ኮር አይ7 ወይም አይ9 የሚገዛም፣ ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. የቮልቴጅ ችግራቸውን በባዮስ ዝማኔ እንዳረመና ቀድሞ የተጎዳው ቺፕ ግን በዝማኔ እንደማይድን ይወቅ።

ራም 16 ጊጋባይት፣ ሁለት ባለ 8 ሆኖ ይያዝ፤ አንድ ባለ 16 ሲሆን በተለይ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ለሚጫወት ፍጥነቱ በእጅጉ ይወርዳል። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ምድሩ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ የአዋሽ ሰዎች እንዳዩት፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና ከፍ ያለ መደርደሪያ እዚህ አብረው አይሄዱም።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ

ገንዘቡ በጣም ያነሰበት ሰው ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቶ 75 ዋት ካርድ ቢሰካበት ከሁሉም ርካሹን መንገድ ይይዛል። ቁመቱ ሙሉ የሆነውን መምረጥ ይገባል፤ ቀጭኑ የሚቀበለው አጭር ካርድ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላያቸው ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ነው፤ መሰኪያው የራሳቸው ስለሆነም ተራ ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ አይገባላቸውም። ትውልዱም ይታይ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመደበኛነት የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 ይጠይቃል። ስለዚህ ኮር አይ5-6500 ካለው ይልቅ ስድስት ኮር ያለው አይ5-8500 ጥቂት ቢወደድም ይያዛል።

ከተገጠመ በኋላ

የካርዱን የኃይል ጣሪያ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም ወደ 75 ወይም 80 በመቶ ማውረድ ከፍጥነቱ ጥቂት ብቻ ይወስዳል፤ ሙቀቱን ግን በግልጽ ይቀንሳል። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ ፍሬሙን 60 ላይ መገደብም እንዲሁ፤ ትርፉ ፍሬም አይታይም፣ የሚያመርተው ሙቀት ብቻ ነው።

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌሞች ሰርቨሮች በአውሮፓ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በደቡብ አፍሪካ ናቸው። የሚፈጠረውን መዘግየት የሚያሳጥር የኮምፒውተር ክፍል የለም፤ ካርድ አሻሽሎ ፒንግ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ገንዘቡን ያጠፋል። ከ100 ጊጋባይት የሚበልጡ ጌሞችም በሞባይል ዳታ ሲወርዱ ከኤስኤስዲው የሚበልጥ ወጪ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሁለት ሆነው በአንድ ስክሪን እግር ኳስ የሚጫወቱ ወንድማማቾች ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው፤ ለእነሱ ጂቲኤክስ 1650 በቂ ነው፣ የተረፈው ገንዘብም ሁለተኛ ፓድ ይገዛል። የፕሌይስቴሽን 4 ፓድ በዩኤስቢ ገመድ ተሰክቶ በስቲም በኩል ይሠራል።